ደፍ አላልፍም ያለችው ልጄ

በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.፣ ፋሲካ አልፎ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ጦርነቱ ከመተማ ካለፈ ወራት ሆኖታል። ጣሊያኖቹ ሄደዋል፤ ከመድፉና ከአውሮፕላኑ የተረፍነው ሰዎች ወደየፍርስራሻችን ተመልሰን ቤት እንጠግናለን። ባሌ ከአርበኞቹ ጋር ወደ ቋራ እንደሄደ ገና አልተመለሰም፤ በሕይወት መኖሩን ግን መንገደኞች ነግረውኛል። ልጄም በሕይወት አለች። ለሁለቱም እግዚአብሔርን ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን የለም። ይህን ያስቀደምኩት ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ምሬት ስለሚመስል ነው።

ምሬትም ነበር።

ልጄ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። መድፍ ሲተኮስ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች፤ እኔ ውኃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። የመድፉ ጥይት ጎረቤት ወደቀ፤ የኛ ቤት ግድግዳ በበሩ በኩል ተንዶ መውጫውን ደፈነው። ሰዎች ቆፍረው ሲያወጧት አፈር ከመምሰሏ በቀር አንዲት ጭረት አልነበራትም። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከጣራ በታች አልገባ አለች።

ብታብድ እንኳ አንድ ነገር ነው። አላበደችም። ትፈጫለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ትቀልዳለች። «ልጄ፣ ግቢና ጨው አምጪልኝ» ስላት ግን የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። አትከራከርም፣ አታለቅስም፤ እንዲሁ ትቆማለች። በመጨረሻ እኔው ተነሥቼ እገባለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ያው ነው። ከሕፃንነቷ ጀምራ ስትቆርብ የኖረች ልጅ ቅዳሴውን ከዛፍ ሥር ቆማ ታስቀድስ ጀመር።

በጋውን ታገሥኩ። አገሩ ቆላ ነው፤ በበጋ ውጭ መተኛት ማንንም አያስገርምም፤ ሙቀቱ ራሱ ሰውን ከቤት ያስወጣል። አልጋዬን ደጅ አውጥቼ አጠገቧ ተኛሁ። ክረምቱ ግን ከነንዳዱ ነው የሚመጣው። እርጥብ መሬት ላይ እያደረ ንዳድ የጣለውን፣ ከዚያም ያልተነሣውን ብዙ ሰው አይቻለሁ። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ልጄን ከጣራ በታች ማስገባት ነበረብኝ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ቤቱን እንደገና ያሠራሁትም ለሷ ብዬ ነው። እኛ ከደጋ የወረድን ሰዎች ነን፤ ለኛ ቤት ማለት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ነው። የቆላው ሰው በሽመልና በሣር ጎጆውን ሲቀልስ ስናይ፣ ይኼም ቤት ተባለ እያልን እንስቅ ነበር። ደቦ ጠራሁ። ግድግዳውን ከቀድሞው እጥፍ አወፈርኩት፤ ጭቃውን በጭድ አስቦክቼ ደጋግሜ አስመረግኩት፤ መስኮቷን አስደፈንኩ፤ በሩንም አጠበብኩት። መድፍ እንኳ አይነቀንቀውም ተባለልኝ። ልጄም ከሰዎቹ ጋር ጭቃ ረገጠች፣ ጭድ ተሸከመች። ሲያልቅ «በይ ግቢ» አልኳት። ደፉ ላይ ቆመች።

ጎረቤቴ ከወሎ የመጣች ሴት ናት። አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን መልካም ነው።

«ዶሮዋን ቤት ውስጥ ዝጊባት። ልጅቷ እሷን ላወጣ ብላ ትገባለች» አለችኝ።

ዘጋሁባት። ልጄ በሩን ከፈት አድርጋ ደጅ ላይ ጥሬ በተነችና ዶሮዋን ጠርታ አወጣቻት።

«እንግዲያ ጅብ መጣ በያት።»

«ጅቡንማ ትላንት በድንጋይ አባረረችው። ቤት የገባሁት እኔ ነኝ።»

ጎረቤቴ እስክታነባ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«እቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና አትቆጪ» አለች ስታበቃ። «ከወንዙ ማዶ አንድ ሰውዬ አለ፤ ቀይ ዶሮ ከታረደለት...»

«ዝም በይ።»

«ዝም ብያለሁ። ግን ዶሮው ቀይ ከሆነ...»

«ዝም በይ አልኩሽ እኮ! ሃይማኖት አለኝ።»

«እንግዲያ ሃይማኖትሽ ወዳለበት ውሰጃታ! ጠበሉ ዘንድ አንድ መነኩሴ ጦርነቱ ያስደነገጣቸውን ልጆች ሰብስበው ይዘዋል አሉ። እንቅልፍ ያጡ፣ ድምፅ ሲሰሙ የሚወድቁ፣ እንዲህ እንዳንቺዋ ደፍ የሚጠብቁ።»

ይህን አስቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ስንቅና ቁርበት አህያ ላይ ጫንን፤ በማግስቱ ሄድን። ጠበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በበጋ ከሚደርቀው ወንዝ አጠገብ ነው፤ በማለዳ የተነሣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይደርሳል። ልጄ መንገዱን ሁሉ ስታንጎራጉር ሄደች። የኔን ፊት ያየ ሰው ታማሚዋ እኔ መስዬው ይሆናል።

መነኩሴው ሸምገል ያሉ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሰው ናቸው። ሁላችንም አባ እንላቸዋለን። በእሾህ አጥሩ በር ላይ ተቀምጠው ሽምብራ ይቆረጥማሉ። መስቀላቸውን ተሳለምን። ልጄን አዩና «ምን ሆነሽ መጣሽ?» አሏት።

«አባቴ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ቤት...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንቺን አልጠየቅሁም። አንቺን ሲያምሽ አንቺን እጠይቃለሁ።»

ልጄ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች። ያቺ ፈገግታ አንጀቴን አሳረረችው።

«ቤት መግባት አልወድም» አለች።

«መልካም» አሉ አባ። «እኛም ቤት የለንም። ግቢ።»

አጥሩን አልፋ ገባች። ልከተላት ስል በትራቸውን አጋደሙብኝ። እናቶች ከአጥሩ ውጭ ነው አሉ። በሌላ ጠበል እናት ልጇን ደግፋ ትቆማለች፤ ሕመሟን ትናገርላታለች፤ ስትወድቅ ትይዛታለች። እኔ እንዲህ ነው የማውቀው። እዚህ ግን ለእናቶች ከአጥሩ ውጭ አንዲት ጎጆ ተቀልሳለች፤ አህዮቹም እዚያው ይታሰራሉ። በምጥ የወለድኳትን ልጅ ለሰው አስረክቤ ከአህዮቹ ጋር ቀረሁ።

ማለዳ ማለዳ ልጆቹ ሲጠመቁ ከአጥሩ በላይ ማየት አይከለከልም። በልማዳችን ሰውን የያዘው ነገር ጠበል ሲነካው ይጮኻል፤ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደያዘ ይለፈልፋል፤ ለፍልፎም ይወጣል። እኔም የምጠብቀው ይህንኑ ነበር። እናት የልጇን ጩኸት ስትመኝ ይታያችሁ። ውኃው ሲወርድባት በአጥሩ ላይ ተንጠራራሁ።

«ኡ! ይበርዳል!» አለችና ሳቀች።

በዚያ ቆላ፣ ይበርዳል!

አጠገቤ አንዲት እናት ቆማለች፤ ልጇ በጣም የሚጮኽ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው። እሷም በዚህ ትንሽ ኩራት ብጤ ይሰማታል።

«የኔው ትላንት ብዙ ነን አለ» አለችኝ። «ያንቺዋስ ምን አለች?»

«ይበርዳል አለች።»

ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ እሱ ዝምተኛው መንፈስ ነው። ክፉውም እሱ ነው።»

ቀትር ላይ ስንቅ ሳቀብላት ልጄን ወደ በሩ ጠጋ አደረግኋት።

«ልጄ፣ ሲያፈሱብሽ ትንሽ እንኳ ጩኺ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የያዘሽ ነገር በይ እንዳለሽ።»

«የያዘኝ የለም፣ እምዬ።»

«እንግዲያ ለምን ቤት አትገቢም?»

እንጀራውን ተቀብላኝ ሄደች።

ከጠበሉ በኋላ ልጆቹ ከአንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አባም መሐላቸው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዴ ያንቀላፋሉ። አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ ባንድ ላይ አንዲት ቃል ይላሉ። ከአጥሩ ውጭ ቃሉ አይሰማም። የሚሰማው አንዳንዴ ሳቅ ነው። ከልጄ ጎን ሁልጊዜ አንዲት ረጅም ልጃገረድ ትቀመጣለች። እናቷ ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት ገበያ ላይ ምግብ ትሸጣለች፤ ልጅቷም የጀላቦቹን፣ የሱዳን ነጋዴዎቹን ማለቴ ነው፣ ቋንቋ ትቀላቅላለች። ወሬዋ አያልቅም፤ ድስት ሲከደን ከጮኸ ግን መሬት ላይ በደረቷ ትወድቃለች። እሷና ልጄ ከልጅነታቸው አብረው ያደጉ ይመስሉ ነበር። እኔን በሦስት ቃል የምትመልሰኝ ልጅ ለዚያች ረጅም ልጅ ከጠዋት እስከ ቀትር ታወራላታለች።

አላስችል ሲለኝ አባን በሩ ላይ ያዝኳቸው።

«አባቴ፣ እዚያ ተቀምጠው ምንድን ነው የሚያወሩት?»

«የፈሩትን።»

«አንቱስ ምን ይሏቸዋል?»

«ምንም። አንዱ ሲጨርስ ሁላችንም አቤቱ ማረን እንላለን። ከዚያ ሌላው ይናገራል። ምክር መስጠት ግን ክልክል ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«አቤቱ ማረንማ እኔም ቤቴ ሆኜ እላለሁ እኮ!»

«እሰይ። በርቺ» አሉና ሽምብራቸውን መቆርጠም ያዙ።

«እንግዲያ ለኔ ስግደት ይስጡኝ። እኔ ልስገድላት፤ እኔ ልጹምላት።»

«ምነው ልጄ፣ ከፋሲካ ወዲህ ሃምሳውን ቀን መቼ ይሰገዳል? መቼስ ይጾማል? ጌታ የተነሣበት ደስታ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ተቀመጪ።»

እንደዚያ የከበደ ቀኖና የሰጠኝ የነፍስ አባት የለም። ተቀመጥኩ። ጥጥ እየፈተልኩ፣ ክሩ እየተበጠሰብኝ፣ በቋራ በኩል ደመናው ሲቆለል እያየሁ ተቀመጥኩ።

ደመናው እየቀረበ ሲመጣ እንደገና ሄድኩባቸው። «ዝናቡ ሲመጣ እነዚህ ልጆች የት ሊገቡ ነው?» አልኳቸው። እነሱ ያስቡበት አሉኝ። በእውነት አዋቂ ሰው እንዲህ ይላል?

ልጆቹ አሰቡበት። ረጅሟ ልጅ «ራኩባ እንሥራ» አለች። ጀላቦቹ ገበያ ላይ ከፀሐይ የሚጠለሉበት ዳስ ነው፤ ባላ ይተከላል፣ ከላይ በሣር ይከደናል፣ ዙሪያው ባዶ ነው። ወንዶቹ ሽመል ቆርጠው መጡ፤ ሴቶቹ ሣር ተሸከሙ። ልጄ ልጥ በጥርሷ ይዛ እላዩ ላይ ወጣችና ትከድን ጀመር። ታንጎራጉራለች። ለኔ ቤት ጭቃ ስትረግጥ አላንጎራጎረችም።

«ሣር ከዳኝ እንድትሆን ነው እንዴ ያመጣኋት?» አልኩ ለሴቶቹ። «ጣራ ላይ ትወጣለች፣ ከጣራው ሥር ግን አትገባም!»

«እሱ ዝምተኛው ነው» አለች ያቺ ሴት።

እውነቷን መሰለኝ። ልጆቹ ሲደክሙ ከከደኑት ሥር ገብተው ይጋደማሉ፤ የኔዋ ውጭ ፀሐዩ ላይ ትቀመጣለች።

ዝናቡ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መጣ። መጀመሪያ አቧራው ተነሣ፣ ከዚያ ሰማዩ ባንድ ጊዜ ወረደ። ልጆቹ እየተጯጯሁ ራኩባው ሥር ገቡ። እናቶችም ጎጆዋ ውስጥ ታጨቅን። በበሩ አሾልቄ ሳይ ልጄ ውጭ ቆማለች። ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። አልሮጠችም፣ አልተጠለለችም፤ ደፍ ላይ እንደምትቆመው ቆማለች።

ብድግ ስል ያቺ ሴት ነጠላዬን ያዘች። «አባ ይቆጣሉ!»

«ይቆጡ!»

ነጠላዬን እጇ ላይ ትቼላት ወጣሁ። እስከ አጥሩ ሮጥኩ። የአጥሩ በር በእሾህ ተዘግቷል። እኔ በዚህ በኩል፣ እሷ በዚያ በኩል፣ ሁለታችንም እንበሰብሳለን። «ግቢ! አንቺ ልጅ፣ ስለ እመቤቴ ብለሽ ግቢ!» እያልኩ ጮኽኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጠበሉ ላይ የኔን ያህል የጮኸ አልነበረም።

ያኔ ነጎድጓዱ ወረደ። ረጅሟ ልጅ ራኩባው ሥር በደረቷ ወደቀች። ጭቃው ውስጥ ፊቷን ደፍታ፣ ጆሮዋን ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ሌሎቹ ደንግጠው ከአጠገቧ ሸሸት አሉ። ልጄ ይህን አየችና ሮጣ ገባች። ከጎኗ ተንበርክካ ራሷን አቀፈቻት፤ ሌላ ነጎድጓድ ሲመጣ ጀርባዋ ላይ ተኛችባት። «አቤቱ ማረን በሉ እንጂ! ምን ታያላችሁ?» ብላ ሌሎቹን ተቆጣች። አሉ። ደጋግመው አሉ። እኔም ከአጥሩ ውጭ አልኩ።

ነጎድጓዱ ራቅ ሲል ረጅሟ ልጅ ጭቃ የሆነ ፊቷን ቀና አደረገች።

«ኧረ! ገባሽ!» አለች።

«የት?» አለች ልጄ።

ሁሉም ሳቁ። ልጄ ወደ ላይ አየች። ከጣራው አንድ ቦታ ውኃ ይንጠባጠባል።

«እዚህ ጋ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የከደነው?»

«አንቺ ነሻ!» አሉ ባንድ ድምፅ።

እሾሁን በእጄ ገፍቼ ገባሁ። ማንም አልከለከለኝም። ሳቁ ግን ጸጥ አለ። ልጄ ረጅሟን ልጅ እንዳቀፈች ናት። ቀስ ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

«ይኸው ገባሽ! እንግዲህ ቤትም ትገቢያለሽ።»

«አልገባም።»

«ምን ማለትሽ ነው? አሁን ከጣራ በታች አይደለሽም?»

«ይኼ እኮ በሁሉም በኩል መውጫ ነው፣ እምዬ።»

«የኛስ ቤት በር የለውም?»

«አንድ ነው። ግድግዳው ሲወድቅ ደፈነው። አንቺ ደግሞ ግድግዳውን አወፈርሽው፣ መስኮቷንም ዘጋሻት።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለነሱ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለነሱ! ለኔስ?»

«አንቺ ለቤቱ ብዙ ደክመሻል» አለች። «ምን ብዬ ልንገርሽ?»

አንዲት ቃል ብትተነፍስ ስንት ድካም በቀረልኝ! ደግሞም ለኔ አዝና ነው ዝም ያለችው፤ በዚህ ደግሞ ምን ተብሎ ይቆጧታል? ያ ብዙ የሚጮኸው ልጅ ከዳር ሆኖ «እሜቴ፣ አይቆጧት። እኔ ያን ሁሉ ጮኼም እንቅልፍ አልመጣልኝም» አለ። እናቱ አለመስማቷ ደግ ነው።

አባ ቆባቸው እየተንጠባጠበ መጡ።

«አባቴ፣ ልጄ ዳነች?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከዝናብ ተጠልላለች።»

«አንቱ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። ዝናቡ አላባራም፤ ልጄም ከዚያ አልወጣችም። ከጓደኞቿ መሐል፣ ደረቁን ቦታ መርጣ፣ ቁርበቷን አነጠፈች። ከጦርነቱ ወዲህ ጣራ ሥር ስታድር የመጀመሪያዋ ነው። ተመስገን አልኩ። ማመስገንና መብገን ባንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉ፤ እኔ አሳድሬያቸዋለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ልጆቹ ሳይጠመቁ ተነሥቼ፣ ልጄን ለአባ አደራ ብዬ፣ አህያዬን ነዳሁ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነበር። መተማ ስደርስ ጎረቤቴ ደጇ ላይ ነበረች።

«ልጅቱስ?»

«ጠበል ናት።»

«ጮኸች?»

«አልጮኸችም። መጥረቢያሽን አውሺኝ።»

መጥረቢያውን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ፊት ቆምኩ፤ ጭቃው ገና አዲስ ነው፤ የሰው መዳፍ ይታይበታል። አማተብኩና መምታት ጀመርኩ። ጎረቤቴ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«አበድሽ እንዴ! ያን ሁሉ ሰው የደከመበትን ግድግዳ!»

«ዞር በይ፣ ጭቃው ይወድቅብሻል።»

«ኧረ ሰው ጥሩልኝ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሁለተኛ በር» አልኳት።

መቀነቷን አጠበቀችና የወደቀውን ጭቃ በእጇ ወደ ውጭ ታወጣ ጀመር። ግድግዳው በቀላሉ አልተበገረም፤ ደህና አድርገን ነበር የሠራነው። ማገሩን ስቆርጥ፣ ፀሐዩ በዚያ በኩል እስኪገባ ድረስ፣ አላረፍኩም።